አገልግሉ ላይ ሆኜ የሰገድኩት

ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ ወደ ደምበጫ ስትጓዙ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ስትገቡ በስተግራ በኩል በአራት የብረት እግር የቆመ ግዙፍ አገልግል ታያላችሁ። ክዳኑ ሾጣጣ ነው። ጠፍሩ ከጫፉ እስከ ሥሩ ይወርዳል። መንገደኛ "አገልግሉ ጋ ወራጅ አለ" ይላል፣ ሾፌሩም የት እንደሚያቆም ያውቃል። ከሥሩ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ የአካባቢው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ አልተነሳሁም። የቀባሁት ግን እኔ ነኝ፤ ክዳኑ ላይ ተቀምጬ ያየሁትንም እስካሁን በወጉ ተናግሬው አላውቅም።

ያኔ በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። የተወለድኩት ደብረ ኤልያስ ገጠር ውስጥ ሲሆን አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። ቅኔ ቤት ገብቼ ጥቂት ዓመታት ቆይቻለሁ፤ ነገር ግን ልቤ ከትምህርቱ ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ላይ ነበር። የኔታም ይህን አይተው ሳይቆጡ መርቀው አሰናበቱኝ። ከዚያ በኋላ ወደዚያች የመንገድ ዳር ከተማ መጥቼ የሻይ ቤት፣ የጠጅ ቤትና የፀጉር አስተካካይ ታፔላ እየጻፍኩ መኖር ጀመርኩ። በላይነህ የሚለው ስሜ ቀርቶ "ታፔላው" ይሉኝ ነበር።

ሙላትን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። በያጅ ነው። ለታፔላዬ የብረት ፍሬም የሚሠራልኝ እሱ ነበር፤ ቆይቶ ከሥራ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረን መኖር ጀመርን። ከአንድ ትሪ በልተናል። ስታመም ያስታመመኝ እሱ ነው። እናቴ ስትሞትም አብሮኝ ገጠር ድረስ ሄዶ ሣልስቱን ተቀምጧል። ወንድም የለኝም፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን "አለኝ" እል ነበር።

አሁን አገልግል የሆነው ነገር ያኔ ዝገት የበላው የውሃ ታንከር ነበር። በደርግ ጊዜ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ እዚያ ሳለ ተተክሎ፣ ካምፑ ሲነሳ ደርቆ የቀረ ነው። መንገዱ ፒስታ በነበረበት ጊዜ መኪና ሁሉ እኛ ጋ ይቆም ነበር፤ ተሳፋሪው አቧራውን ያራግፋል፣ ጎማ ይነፋል፣ ምሳ ይበላል። አስፋልቱ ሲመጣ ደስ ብሎን እልል አልን፤ ከዚያ በኋላ ግን መኪናው ሁሉ ዞር ብሎ ሳያየን ያልፍ ጀመር። የተቀቀለ እንቁላል የሚሸጡት ሴቶች ሳፋቸውን እንደያዙ ይመለሳሉ፤ ምግብ ቤቶቹም አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉ።

በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ታንከሩ ፈርሶ ብረቱ ይሸጥ ተባለ። እኔ እጄን አውጥቼ "አገልግል እናድርገው" አልኩ። ሳቁብኝ። መንገደኛ ሰው አገልግል ካየ ምሳው ትዝ ይለዋል፣ ምሳው ትዝ ያለው ሰው ደግሞ ይቆማል ብዬ አስረዳሁ። መጀመሪያ ያጨበጨበልኝ ሙላት ነበር። ክዳኑን ከአሮጌ በርሜል ቆርጦ በይዶ እንደሚሠራ እዚያው ቃል ገባ። ጎማ ጠጋኞች የከባድ መኪና አሮጌ ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ሰጡን፤ እሱን በረጅሙ እየቆረጥን ጠፍር አደረግነው። ሥራው ወራት ፈጀ። ከተማው ሁሉ እየመጣ ያይ፣ ይተች፣ ያላግጥም ነበር።

ለሞዴል የሚሆነኝን እውነተኛ አገልግል ያዋሰችኝ ትርንጎ ናት። አባቷ አቶ ባዘዘው ከታንከሩ ማዶ፣ ከአስፋልቱ በላይ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ግቢ ነበራቸው። አገልግሉን ልትወስድ ትመጣና ሥራውን ሽቅብ ታያለች። "ጠፍሩን አሳንሰኸዋል፤ ይህ አገልግል ከአህያ ላይ ይወድቃል" ትለኛለች። እኔም እንደገና ለመለካት ብዬ መልሼ እዋሳታለሁ። የተዋስኩትን ያህል ለክቼው ቢሆን ኖሮ የሚሊ ሜትር ስህተት አይገኝበትም ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ቀስ ብላ አጠገቤ ደርሳ "ሽማግሌ ላክ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፤ እኔም ሌላ አልፈለግኩም።

እኛ አገር ልጅቱን የሚፈልጋት ሰው ራሱ ሄዶ አይጠይቅም። ሽማግሌ ይልካል፤ እሱ እዚያ አካባቢ መታየቱም ነውር ነው። አባት ስለሌለኝ ነገሩን ሁሉ ለሙላት ሰጠሁት። የነፍስ አባታችንን ቄስ ይባቤንና ሁለት ሽማግሌዎችን ለምኖ ላካቸው። አቶ ባዘዘው በመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ "ዘር እንቁጠር፣ ዘመድ ላማክር" ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ነገሩ መልካም መሆኑን ሙላት መጥቶ ነገረኝ። ያን ምሽት ከደስታዬ ብዛት የልቤን ሁሉ አጫወትኩት።

የመልሱ ቀን ማክሰኞ ሆነ። ታኅሣሥ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ነፋሱ ኃይለኛ ነው። የቀረኝ የክዳኑ ጫፍ ብቻ ነበር። ሙላት በማለዳ አብሮኝ ወደ ታንከሩ እየሄደ መከረኝ።

"ዛሬ ከላይ እንዳትወርድ" አለኝ። "አቶ ባዘዘው ከግቢያቸው ሆነው ያዩሃል። ሥራ ላይ ያለ ሰው ደስ ይላቸዋል። ደግሞ ቄስ ይባቤ በሥርህ ሲያልፉ መስቀላቸውን ያነሱልሃል፤ ጠበቅ አድርገህ ስገድ። ልሳለም ብለህ መውረድ የለብህም፣ ነግሬያቸዋለሁ።"

ስለ እኔ እንዲህ ማሰቡ ልቤን ነካው። ታንከሩ የራሱ የብረት መወጣጫ አለው፤ ግን ልጆች እንዳይወጡበት ቀደም ሲል የታችኛው ግማሽ ተቆርጧል። እዚያ ድረስ የምንወጣው በሙላት መሰላል ነበር። ክዳኑ ላይ ወጥቼ ቀለሜን ሳማስል ከታች ጠራኝ። መሰላሉን ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ ስለፈለጉት ወስዶ ወዲያው እንደሚመልሰው ነገረኝ። እሺ አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስቱም ነጭ ለብሰዋል። ቄስ ይባቤ ከታንከሩ ሥር ቆሙ፤ በግራ እጃቸው ጥምጥማቸውን ከነፋሱ እየጠበቁ ቀና ብለው አዩኝ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ድምፃቸው በደህናውም ቀን ከመቅደስ ወጥቶ ቅኔ ማኅሌት አይደርስም፤ ያን ቀን ደግሞ ነፋሱ የካላማዳሪ ጠፍሮቹን ከብረቱ ጋር እያጋጨ ጆሮዬን ደፍኖታል። የእኔን ጉዳይ ሊፈጽሙ የሚሄዱ አባት ከታች ቆመው እኔ ከላይ መሆኔ አሳፈረኝ። ልውረድ ብዬ ብነሳ መሰላሉ የለም። ከዚያ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ያዙ።

እንደተመከርኩት አደረግኩ። በአንድ እጄ የክዳኑን ጫፍ ይዤ ሰገድኩ። መስቀሉን አላወረዱትም፤ ደግመው ተናገሩ። ደግሜ ሰገድኩ። ሦስተኛውን ስሰግድ ግንባሬ ገና ያልደረቀ ቀለም ላይ አረፈ። ቄስ ይባቤ መስቀላቸውን አወረዱ፣ አንገታቸውን ደፉ፣ ቀስ ብለው አስፋልቱን ተሻገሩ። አንገታቸውን መድፋታቸውን አይቻለሁ። ሽቅብ ማየቱ ደክሟቸው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ መሥራት አልቻልኩም። ብሩሹን ይዤ ቁጭ ብዬ የአቶ ባዘዘውን ግቢ አያለሁ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። አቶ ባዘዘው ተነስተው ተቀበሏቸው፤ ከዛፉ ሥር መደብ ላይ ተቀመጡ። አባትየው ድንገት ብድግ ብለው ጀርባቸውን ሰጡ። ልቤ ደነገጠ። ዘር ሲቆጠር አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተን ይሆን? ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተነስቶ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ንግግሩ ረዘመ፣ እኔም የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨረስኩ።

ከዚያ አንድ ሰው አስፋልቱን ተሻግሮ ወደ ግቢው ሲወጣ አየሁ። አዲስ ኩታ ለብሷል። ፊቱ አይታይም፤ አረማመዱን ግን በጨለማም አውቀዋለሁ። ሙላት ነው። መሰላል አልያዘም። መልሱን ቶሎ ሰምቶ ሊነግረኝ ቸኩሎ ነው አልኩ። ኩታውን ከየት እንዳመጣው ግን አልገባኝም፤ በአንድ ክፍል ስንኖር ያለውን ልብስ ሁሉ አውቀዋለሁ።

ሙላት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ቄስ ይባቤ በእጃቸው ጠሩት። ገባ። አቶ ባዘዘው ፊት ደረሰ፣ ኩታውን ከትከሻው አወረደ፣ ጎንበስ አለ፣ ጉልበታቸውን ሳመ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። አገራችን ላይ የልጅቱን አባት ጉልበት የሚስመው ጓደኛ አይደለም፣ ሚዜም አይደለም። አማች ነው። መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። በእኔ ስም ይሆናል ብዬም አሰብኩ፤ በሰው ስም ጉልበት ሲሳም ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አቶ ባዘዘው ትከሻውን ይዘው አነሱትና ጉንጩን ሳሙት። ያኔ ገባኝ። መሰላሉ፣ ነፋሱ፣ "ጠበቅ አድርገህ ስገድ" ያለኝ ሁሉ አንድ ላይ ገባኝ። ክዳኑን ባልይዝ ኖሮ ወድቄ ነበር።

ጮህኩ። ስሙን ጠራሁ። ከመሬት ያለው ሰው ከነፋሱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም፤ እንቁላል ሻጮቹ ቀና ብለው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። ወደ ብረቱ መወጣጫ ወርጄ እስከ ተቆረጠው ጫፍ ደረስኩ። ቢዘሉ እግር የሚሰብር ከፍታ ነው። ተንጠልጥዬ ስጮህ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣ አውቶቡስ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ከዚያም ቆመ። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ሳይጠሩት የቆመ የመጀመሪያው አውቶቡስ እሱ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ ይስቃል። ትልቅ አገልግል አይተዋል፣ ከአገልግሉ የተንጠለጠለ ቀለም በቀለም የሆነ ሰው አይተዋል፤ ትርኢት መስሏቸዋል። አንድ ሰውዬ ካሜራ አውጥቶ አነሳኝ። እንቁላል ሻጮቹ ሳፋቸውን ይዘው ወደ መኪናው ሮጡ። ለዚያች ከተማ የተመኘሁት ነገር ሁሉ ዓይኔ ሥር ሲሆን፣ እኔ ማልቀስ ጀምሬ ነበር።

ማልቀሴን ያየው የአውቶቡሱ ረዳት ነው። ሾፌሩን ነግሮ መኪናውን ከመወጣጫው ሥር አስጠጋልኝ፤ ጣሪያው ላይ ባለው ጓዝ ላይ ወረድኩ። አስፋልቱን ተሻግሬ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ።

ግቢው ውስጥ ስገባ ጠላ ቀርቦ ነበር። ቄስ ይባቤ ተነስተው ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ ለምን መጣህ?" አሉኝ። "በቃኝ ብለህ የለም እንዴ?"

"ማን ነው በቃኝ ያለው አባቴ?"

ቄስ ይባቤ መልሰው ሙላትን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩ። ባለፈው ምሽት ሙላት ቤታቸው ድረስ ሄዶ የነገራቸውን እዚያው በሁሉም ፊት ተናገሩ። በላይነህ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ሩቅ አገር የሥዕል ሥራ አግኝቷል፣ ሚስት ማግባት አይፈልግም፤ ፊትዎን ለማየት ስላፈረ ከላይ ሆኖ በስግደት ይመልስልዎታል ብሏቸዋል። ልጅቱ ሽማግሌ ተልኮባት እንዳትቀርና እንዳታፍር ደግሞ እኔ ራሴ በእሱ እግር እገባለሁ ብሏል። አባትየው ብድግ ብለው ጀርባቸውን የሰጡት ይህንን ሲሰሙ ነው። ከንዴታቸው ያበረዳቸው የሙላት ደግነት ነው።

"መስቀሉን ይዤ ጠየቅኩህ" አሉኝ ቄስ ይባቤ። "ትተዋታለህ ወይ አልኩህ። ሦስት ጊዜ ሰገድክልኝ እኮ።"

"አልሰማሁዎትም አባቴ። የባረኩኝ መስሎኝ ነው።"

ሙላት ዓይኔን አላየኝም። ወደ አቶ ባዘዘው ዞሮ፣ የብረት ዋጋ እንደሚናገር ሰው በተረጋጋ ድምፅ "ሰግዷል፤ ሁላችንም አይተናል" አለ። ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼበት አላውቅም። ከሁሉም በላይ የጎዳኝ ይህ ድምፅ ነው። ቢሳደብ፣ ቢያፍር፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ቄስ ይባቤ ነገሩ እንደገና ይታይ ብለው ለመኑ። አቶ ባዘዘው ግን ፊታቸው ጠቁሮ እምቢ አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ስለ እኔም "ዋሽቷል" አላሉም።

"ጠዋት የተተወች ልጅ፣ ከሰዓት ተመልሳ አትጠየቅም" አሉ። "ጉልበቴ ተስሟል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከተማው ሁሉ ልጄን ሲቀባበላት አላይም።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች በክንዴ ይዘው አወጡኝ።

ትርንጎን ያገኘኋት ከዚያ ከቀናት በኋላ ነው፤ ቄስ ይባቤ ናቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ እንድንነጋገር ያደረጉት። ፊቷ አብጧል። ሁሉንም ነግረዋት ስለነበር የማስረዳት ነገር አልቀረኝም። ያን ጠዋት ከጓሮ በአጥር ቀዳዳ ታየኝ እንደነበር ነገረችኝ።

"ስትሰግድ ደስ ብሎኝ ነበር" አለች። "ስለ እኔ የምትለምን መስሎኝ።"

"ስለ አንቺ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ።" ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። "አባቴን ለምኜዋለሁ። እግሩ ላይ ወድቄያለሁ። ቃሌን አላጥፍም አለ። ከእንግዲህ እኔን አትጠብቀኝ።"

አብረን እንጥፋ የሚል ቃል እስከ ምላሴ ጫፍ መጥቶ ነበር። ሽማግሌ ልኬ ያሳፈርኳትን ልጅ ደግሞ በኮበለለች ስም ላስጠራት አልፈለግኩም። መንገዱን ለቀቅኩላት፤ ሄደች።

የክዳኑን ጫፍ ሳልቀባ ከተማውን ልለቅ ነበር። እንቁላል ሻጮቹ መጥተው ለመኑኝ፤ መኪና መቆም ጀምሯል። ከሌላ ሰው መሰላል ተውሼ ወጣሁ፣ ወደዚያ ግቢ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀባሁትና ጓዜን ይዤ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ሰርገኛው ከአገልግሉ ሥር ቆሞ ፎቶ እንደተነሳ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ያ ነገር የከተማው ወግ ሆነ፤ ዛሬ አንድም ሙሽራ እዚያ ሳይቆም አያልፍም። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ትርንጎ ናት።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ጊዜ ሁሉን ያስረሳል የምትሉ ካላችሁ እኔን ጠይቁኝ። አግብቼ ወልጃለሁ፤ ሥራዬም ደህና ነው። ግን አሁንም ሰው ከሩቅ ሲያናግረኝ አንገቴን አልነቀንቅም፤ ሄጄ አጠገቡ ቆሜ እስክሰማው ድረስ መልስ የለኝም። ባለቤቴን ስጠይቅ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሴ ሄጄ አባቷን አነጋግሬያለሁ፤ ባለጌ ተብያለሁ፣ ግድ የለኝም። ጠላት ቢጎዳህ ትጠብቀው ነበርና ቁስሉ ይሽራል። ሚስጥርህን ሰጥተኸው፣ በሚስጥርህ ለክቶ ወጥመድ የሠራልህ ወዳጅ ግን ሰው ላይ ያለህን እምነት ነው ይዞት የሚሄደው። የእኔ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ቄስ ይባቤ እስኪሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቁኝ ነበር፤ እሳቸው ምን በደሉኝ? ሊጠይቀኝ የሚገባው ዝም እንዳለ ነው።

ባለፈው የፍልሰታ ጾም ማለቂያ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ከዚያች ከተማ ነው የመጡት። ሙላት ታሟል፣ ያለፈውን እርሳልኝ ይላል፣ ይቅር በለው አሉኝ። የት እንዳለ ጠየቅኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና አንደኛው፣ ውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ፣ እሺ ካልኩ እንደሚጠሩት ነገረኝ።

"ይቅር አልልም አላልኩም" አልኳቸው። "ግን ራሱ ይምጣ። በሩ ክፍት ነው፤ በራሱ እግር ገብቶ፣ በራሱ አፍ ይንገረኝ። እኔም በጆሮዬ ልስማው።"

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ከውጭ ሲነጋገሩ ይሰማኛል፤ የሙላትን ድምፅ ለመለየት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው በር ተዘጋ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሄዱ።